ከባዱ አካውንት

ማሽኑ የመሥሪያ ቤቱን ሰው የኢሜይል አካውንት አንድ ባንድ ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ ሲያሻግር ቆይቶ የቴክኒሻኑ ሚስት ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ቴክኒሻኑም ከጠዋት ጀምሮ ልቡ የፈራው ይህንኑ ነበር።

ባልደረቦቹ "ዘበኛው" ይሉታል። ውኃ ሊጠጣ ሲነሳ እንኳ ስክሪኑን ሳይቆልፍ አይሄድም፤ ወንበሩም ላይ ማንንም አስቀምጦ አያውቅም። ሰሞኑን ታዲያ ሁሉም በጎሪጥ ያየው ጀምሯል። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ደረጃ ላይ አስቁሞት፣ "ለመሆኑ ስታዛውር ደብዳቤያችንን ታነባለህ?" ብሎት ነበር።

"እኔ ሻንጣ ተሸካሚ ነኝ። ተሸካሚ ሻንጣ አይከፍትም።"

"አንዳንዱ ይከፍታል" አለው ሰውዬው፣ እየሳቀም እየመረመረውም።

እሱ ራሱ ግን የሚጠረጥረው ሌላ ነው። ሚስቱ እዚያው አንደኛ ፎቅ ላይ የደንበኞችን ቅሬታ ትቀበላለች። ጠዋት ጥርሷን እየቦረሸች፣ "የኔን አታዛውረው፤ ባዶ አዲስ ክፈትልኝ" አለችው። የስኳር ፌስታል እንኳ አጣጥፋ የምታስቀምጥ ሴት የቆየ ደብዳቤዋን ጣልልኝ ካለች ነገር አለ። ደንቡ ደግሞ ማንንም አይለይም፤ ሁሉም ይሻገራል። ማሻገር ሲጀምር የሷ አካውንት የሥራ አስኪያጁንም በልጦ ከሁሉም ከባዱ ሆኖ ተገኘ። ቅሬታ ጽሑፍ ነው፤ ይህን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ፎቶ ነው። የማን ፎቶ?

አሁን ስክሪኑ ሁለት ምርጫ አቅርቦለታል። አንድ የተበላሸ ደብዳቤ አልሻገር ብሏል፤ ወይ ከፍቶ ማስተካከል ነው፣ ወይ መዝለል። ከተዘለለ አሮጌው ሰርቨር ማምሻውን ሲደመሰስ አብሮ ይጠፋል። ጣቱ "ክፈት" የሚለው ላይ ደርሶ ተመለሰ። በመጨረሻ ስልኩን አንስቶ፣ "እስቲ አንዴ ነይ" አላት።

መጥታ በሩን ዘጋች። ስክሪኑን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ዝለለው" አለች።

"ይጠፋል እኮ።"

"ይጥፋ።"

"ማነው?"

"ማን ማነው?"

"ፎቶ የሚልክልሽ።"

መጀመሪያ ግራ ገብቷት አየችው። ሲገባት ግን አልተቆጣችም፤ አዘነችለት። እሱን ይበልጥ ያናደደውም ይኸው ነው።

"ወንድምህ ነው" አለች። "የእናትህን ፎቶ ይልክልኛል።"

እናታቸው ስትታመም ታላቅ ወንድሙ ሳያማክረው ከቴክኒሻኑ ቤት አንስቶ ወደ ራሱ ቤት ወስዷት ነበር። "ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም፤ ከሱ ጋር የሚነጋገርም የኔ ሰው አይደለም" ያለው እሱው ነው፣ ራት ላይ፣ ሚስቱ እየሰማች። እናቱ ጆሮዋ ስለደከመ በስልክ አትሰማም። እዚያ ቤት ደግሞ እግሬን አላነሳም ብሎ ማለ፤ በእልኩ እናቱንም ሳያያት ከረመ።

"ስሙ ሲነሳ ታኮርፋለህ፤ መቼ ልንገርህ?" አለች። "በየጊዜው ይልካል። እናትህ ሲበሉ፣ ፀሐይ ሲሞቁ፣ ሲስቁ። አንድ ቀን ስለ እናቱ ይጠይቃል፣ አስቀምጪለት ይለኛል። ዛሬ ሳታስበው አይተኸው ቤታችን እንዳይታመስ ብዬ ነው ጣለው ያልኩህ።"

ያ ሁሉ ክብደት እናቱ ነበረች። አፈረ። ጥርጣሬው ግን ጨርሶ አልለቀቀውም፤ ብትዋሽስ? አንዴ "ክፈት"ን ቢነካ ይለይለታል።

እሷ ለሰላም ብላ "ዝለል"ን ልትነካ እጇን ዘረጋች። እጇን ያዘው። ከዚያ ከወንበሩ ተነሳ።

"ተቀመጪ። አንቺው ከፍተሽ አስተካክዪው።"

"አንተስ? አታያቸውም?"

"በፎቶ አላያትም" አለ።

የተቆጣ መስሏት አንገቷን ደፋች። እሱ ግን ስክሪኑን ሳይቆልፍ ኮሪደሩ ላይ ወጣና ወንድሙ ጋ ደወለ።