ውሃ የጠጣ ኳስ

ወንድሜ ፍሥሐ በሞተ ማግስት፣ ጠዋት፣ የእድራችን ጸሐፊ ጋሽ ወልደአረጋይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው መጡና ድንኳኑ ውስጥ ከአባባ አጠገብ ተቀመጡ። ቀብሩ ከቀትር በኋላ ነበር። ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያን የሚነበበው የሕይወት ታሪክ መጻፍ አለበት። በሰፈራችን ለሞተ ሰው ሁሉ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ስለሆኑ ጽሑፋቸውን የሚነቅፍ የለም።

እኔ ከአባባ በስተግራ ነበርኩ። አላለቅስም ነበር። አንዲት ሴት «ይቺ ልጅ ካላለቀሰች ይጎዳታል» ስትል ሰማሁ። ስለ ሌላ ሰው የምታወራ መሰለኝ።

«የትውልድ ዘመኑን ይዣለሁ፣ ትምህርቱንም ይዣለሁ» አሉ ጋሽ ወልደአረጋይ። «የቀረኝ ቴኒሱ ነው። ‹ከልጅነቱ ጀምሮ ከእግዚአብሔር በተሰጠው ልዩ ተሰጥኦ› ብዬ ልጀምረው?»

«እንደሱ ይበሉት» አሉ አባባ።

«ተሰጥኦ አልነበረውም» አልኩ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አልሽ?»

«ተሰጥኦ አልነበረውም አባባ። ለፍቶ ነው።»

«ማርያማዊት» አሉ አባባ ቀስ ብለው፣ «ወንድምሽ ገና አፈር አልቀመሰም። እንዲህ አይባልም።»

ጋሽ ወልደአረጋይ እስክሪብቷቸውን እንዳነሡ ቀሩ።

አባቴ መሪጌታ ኪዳነወልድ የዜማ መምህር ናቸው። ከደብሩ አጠገብ ባለው ጉባኤ ቤት ልጆች ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ፍሥሐ ልጅ ሳለ ከሰፈሩ ልጆች ጋር አስገብተውት ነበር። ቃሉ አይያዝለትም፣ ድምፁም ከመስመር ይወጣል። የጎረቤታችን ልጅ ቢኒያም ግን አንዴ የሰማውን እንዳለ ይመልሰው ነበር። አባባ በመጨረሻ ፍሥሐን «ለዚህ አልተፈጠርክም» ብለው አሰናበቱት። ክፉ ልብ አልነበራቸውም። ያዩትን ነው የተናገሩት።

ከቤታችን ዝቅ ብሎ የአንድ ፋብሪካ ክበብ አለ። ድሮ የውጭ አገር መሐንዲሶች ያሠሩት የቴኒስ ሜዳ አለው። የሰፈሩ ልጆች ኳስ እየለቀምን እናቀብል ነበር። ቢኒያም መጀመሪያ ራኬት የያዘ ዕለት ተጫዋቾቹ ጨዋታቸውን አቁመው አዩት። ማንም ሳያሳየው ክንዱ መንገዱን ያውቅ ነበር። ፍሥሐ በዚያው ዕለት መታና ኳሱ አጥሩን ዘሎ ወንዝ ገባ። ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ። በማግስቱ ግን ጎሕ ሳይቀድ ሄዶ የክበቡን ግድግዳ ሲመታ ዘበኛው አባረረው። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው ተወው።

ቢኒያም ሁልጊዜ ያሸንፈው ነበር። እያፏጨ ነበር የሚያሸንፈው። ፍሥሐ ደግሞ ይናደዳል፣ ራኬቱን መሬት ላይ ይወረውራል፣ ከዚያ ሄዶ ያነሣውና «እንደገና» ይላል። እንዲህ ሆነው አደጉ። ቢኒያም ሰለቸውና ተወው፣ ጫጫ ከተማ ሞባይል መጠገኛ ከፈተ። ፍሥሐ አልተወም። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ናይሮቢ፣ ከዚያ ካምፓላ፣ ባለሙያ ተጫዋቾች ነጥብ የሚይዙባቸው ትንንሽ ውድድሮች ላይ መሳተፍ ጀመረ። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ዙር ይሸነፋል። አንድ ጊዜ ግን አሸንፎ ነጥብ አገኘ። ስሙ በዓለም የደረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ ከታች፣ በጣም ከታች፣ ወጣ። ስልኩ ላይ አሳየኝ። ጣቱ ሰንጠረዡን እየገፋ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ «ይኸው» አለኝ።

ኳስ ውሃ ውስጥ የመንከሩ ነገር የመጣው ከመጀመሪያው የውጭ ጉዞ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የመታው ሁሉ መረብ ላይ እየቀረ ተሸንፎ ተመለሰ። ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ማሪ፣ እዚያ ኳሱ ይከብዳል» አለኝ። «እኛ ጋ አየሩ ስስ ነው፣ ትንሽ ስትነኪው ይበራል። ቆላ አየሩ ይይዘዋል። እኔ የለመድኩት ሌላ ኳስ ነው።» ጥቂት ቀን ሲያስብ ቆየና አሮጌ ኳሶችን በባልዲ ውሃ ነከረ። ውሃ የጠጣ ኳስ አይበርም። ክንድ ይሰብራል። ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ ቆላን የሚያገኝበት መንገድ ያ ነበር። ማታ ማታ የምነክረው እኔ ነበርኩ፣ ጠዋት እየጨመቅሁ የምወረውርለትም እኔ። በታኅሣሥ ባልዲው ላይ በረዶ ይጋገራል። በጡጫ ሰብሬ ነበር የማወጣቸው።

ያም አልበቃውም። ማክሰኞና ሐሙስ በሚኒባስ ቆላው ሸዋ ሮቢት ወርዶ በአንድ ትምህርት ቤት የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ከስፖርት መምህሩ ጋር ይጫወት ጀመር። ለጥር ቱኒዚያ ውድድር ነበረው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ። ያን ሐሙስ ጠዋት «ለማታ ንከሪልኝ፣ ስመለስ ትንሽ እንመታለን» ብሎኝ ወጣ። ነከርኩ። ከጣርማ በር ዋሻ በታች ጉም ነበር። ሚኒባሱ ከመንገድ ወጣ። ከሞቱት ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ለአባባ አልነገርኳቸውም። «ለፍቶ ነው» ከማለት በቀር ቃል አልወጣኝም። እሳቸው ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ማንም እንዳይሰማ፣ እንዲህ አሉኝ።

«የተሰጠ ነው የሚወሰድ። ሰጠኝ፣ ወሰደብኝ እላለሁ። እሱን ብዬ ነው ከትናንት ጀምሮ የተቀመጥኩት። ካልሰጠው ግን ምን ልበል? ልጄ ለኳስ ብሎ ገደል ገባ ልበል?»

ግን ተሰጥኦ ነበረው ተብሎ ከተነበበ፣ ያ ሁሉ ጠዋት አልነበረም ማለት ነው። ተሰጥኦ ያለው ሰው ሸዋ ሮቢት ምን ያደርጋል? ቢኒያም ወርዶ አያውቅም።

ጋሽ ወልደአረጋይ አባባን አዩ፣ አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጸሐፊውም ‹ልዩ ተሰጥኦ› ብለው ጻፉ። ተነሥቼ ወጣሁ።

ጓሮ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ከጫጫም ከሰላ ድንጋይም ዘመድ ገብቶ ስለነበር የመጀመሪያው ድስት አልቋል። እትዬ ደመቀች፣ የግድግዳ ጎረቤታችን፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወዲህ ወዲያ ይላሉ።

«ማርያማዊት፣ የተነከረ ሽምብራ አለ ብለውኛል፣ ይሄ ነው?»

ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የተከደነውን ባልዲ ይዘዋል። አይደለም ለማለት አፌን ከፈትኩ፣ ግን ዘገየሁ። ውሃውን ሊያንጠፈጥፉ ባልዲውን አዘነበሉት። መጀመሪያ ስስ በረዶ ወረደ። ቀጥሎ ኳሶቹ ዱብ ዱብ እያሉ ወጡና ጓሮውን ሞሉት።

«ኧረ በስመ አብ! ይሄ ምንድን ነው ደግሞ!»

«እትዬ ደመቀች» አለ ከድንኳኑ ጫፍ አንድ ሰው፣ «የቴኒስ ንፍሮ ልታበሉን ነው?»

ሳቅ ፈነዳ። ወንዶቹም ሴቶቹም ሳቁ። ከዚያ የት እንዳሉ ትዝ አላቸውና ሁሉም ባንዴ ዝም አለ። እትዬ ደመቀች አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

አባባ ሳቁን ሰምተው መቋሚያቸውን ተደግፈው ወጡ። አንዱ ኳስ እግራቸው ሥር ነበር። ጎንበስ ብለው አነሡት። ውሃው በእጅጌያቸው ወረደ።

«ይሄ ለምን ከበደ?»

«ነክሬው ነው አባባ።»

«ለምን ይነከራል?»

ነገርኳቸው። ስለ አየሩ፣ ስለ ቆላው፣ ስለ ክንዱ። ቆሜ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ነገርኳቸው። ሰዉ ይሰማል።

«በየማታው የምትነክሪው ይሄን ነው?»

«አዎ አባባ።»

«እኔ እኮ ልብስ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

ቢኒያም ከጫጫ መጥቶ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። አባባ አዩትና በእጃቸው ጠሩት። ኳሱን ሰጡት። ቢኒያም መዝኖ አየው፣ እንደ ልማዱ በጣቶቹ አዟዟረው።

«አንተ እንዲህ አድርገህ ታውቃለህ?»

«እኔ? እኔማ ስቄበታለሁ መሪጌታ። ‹ጾም ገባ እንዴ፣ ባቄላ ነከራችሁ?› እያልኩ። እኔ ደረቁንም ከፀሐይ መውጫ እስከ ቁርስ አልመታም፣ ይሰለቸኛል።»

«ትበልጠው ነበር ይባላል።»

ቢኒያም እኔን አየኝ። ከዚያ መሬት አየ።

«እበልጠው ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ። እሱ ሲመታ እንጨት የሚፈልጥ ይመስል ነበር እኮ። መጨረሻ ላይ አንድ ቀን አሸነፈኝ። ‹በል ቻው፣ ሜዳው ያንተ ነው› ብዬው ራኬቴን ሰቀልኩ። ደስ ብሎት የሚያድር መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ሳልፍ ግድግዳውን እየመታ አገኘሁት።»

«ዜማም እንዲሁ ነበርክ» አሉ አባባ። «አንዴ ሰምተህ ትመልስ ነበር። አሁን የምታስታውሰው አለ?»

«አንድም የለም መሪጌታ።»

እትዬ ደመቀች ኳሶቹን አንድ በአንድ እየለቀሙ ወደ ባልዲው ይመልሱ ነበር፣ እንቁላል እንደሚይዝ ሰው። አባባ ኳሱን ከቢኒያም ተቀበሉና ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። ተከተልኳቸው።

«ጋሽ ወልደአረጋይ፣ ያቺን ቃል ያውጧት።»

«የትኛዋን መሪጌታ?»

«የተሰጠውን።»

«ታዲያ በምን ልተካው? ባዶ አይሆንም እኮ።»

አባባ ነገሯቸው። ጋሽ ወልደአረጋይ ግማሹን ጽፈው ቀና አሉ። «እንዲህ ተብሎ በቤተ ክርስቲያን ተነብቦ አያውቅም፣ ሰው ምን ይላል?» አሉ። አባባ ወረቀቱን በጣታቸው ጠቆሙ። ጋሽ ወልደአረጋይ ጨረሱት።

ከቀትር በኋላ ደብሩ ግቢ ውስጥ፣ ሳጥኑ ፊት ለፊት፣ ጋሽ ወልደአረጋይ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። የተወለደበትን፣ የተማረበትን አነበቡ። ከዚያ ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ አለ።

«ቴኒስ አልተሰጠውም ነበር። ዜማም አልተሰጠውም ነበር። ያልተሰጠውን ደክሞ አገኘው። በሞተበትም ዕለት ወደዚያው ድካም እየሄደ ነበር።»

ከኋላዬ አንድ ሰው «ምን ማለታቸው ነው?» ሲል ሌላው «ዝም በል» አለው። ቢኒያም ከሳጥኑ ተሸካሚዎች ጋር ቆሞ ያለቅስ ነበር። የፈለግሁት ተነበበልኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ ወይም ቢያንስ አለቅሳለሁ ብዬ። እጄ ብቻ በረደኝ። አባባን አየኋቸው። ቀጥ ብለው ቆመዋል። የቀኝ እጅጌያቸው አልደረቀም ነበር።

ከቀብር መልስ ሰው ተሰልፎ ሊያጽናናቸው መጣ። ትናንት ሁሉም «መሪጌታ፣ የሰጠ እሱ ነው የወሰደው» ሲላቸው «ተመስገን» ይሉ ነበር። ዛሬም ሁሉም ያንኑ አላቸው። እሳቸው ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። አንድም ጊዜ «ተመስገን» ሲሉ አልሰማሁም። ያን ጊዜ ነው ከዚያች ቃል ጋር ምን እንዳስወጣኋቸው የገባኝ። ይቅርታ ልበላቸው ብዬ አሰብኩ፣ ግን ለምኑ እንደሆነ አላወቅሁትም፣ ምክንያቱም የተነበበው እውነት ነው።

ሰው ጋብ ሲል ወደ ቤት ገባሁ። አባባ ከሰል ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ኳሷን ከፍሙ ዳር አስቀምጠዋታል። እንፋሎት ይወጣታል፣ እርጥብ ሱፍ ሱፍ ትሸታለች።

«ትደርቃለች?» አሉኝ።

«ትደርቃለች አባባ። ግን አንዴ ውሃ ከጠጣች እንደ ድሮዋ አትነጥርም።»

«አትነጥርም?»

«አትነጥርም።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይተው በሌላው ጎኗ አዞሯት።