የጊሊስ ቤት ምላጭ

አማታችሁ በእንግዳ ፊት የልጃችሁን ፀጉር እየዳበሱ «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» ቢሏችሁ ምን ትመልሱ ነበር?  እህቴ ሞራግ ሾርባውን መቅዳቷን ቀጠለች። እኔ ግን እህቷ እንጂ ምራታቸው ስላልሆንኩ ዝም በይ የሚለኝ የለም።

ነገሩ የሆነው ሕፃን ልጇ ፊንሊ ክርስትና በተነሣበት እሑድ ነው። እናቱም አባቱም ፀጉራቸው ጥቁር ነው፤ የሱ ግን እንደ ካሮት ቀልቷል። ይህ ለሌላው ቤት ቀልድ ነው፤ ለጊሊስ ቤት ግን የክብር ጉዳይ ነው። በመንደራችን አዲስ ዓመት ሲገባ ደጃፍን መጀመሪያ የሚረግጠው ጥቁር ፀጉር ያለው ወንድ ካልሆነ ዓመቱ አይቃናም ይባላል። ቀይ ፀጉር ያለው ከቀደመማ የዓሣ መረቡ ባዶውን ይወጣል አሉ። መንደሩ በየዓመቱ የሚመርጥለትን ይህን ሹመት ከአያት ከቅድመ አያት የያዙት ጊሊሶች ናቸው። ዛሬም የሞራግ አማት ጋሽ ሄክተር ለመልካም ዕድል ከሰል በኪሳቸው ይዘው በየቤቱ ይገባሉ፣ በየቤቱ ውስኪ ይቀዳላቸዋል፣ መጨረሻ ላይ ልጃቸው፣ የሞራግ ባል ቶርኪል፣ ደግፎ ይወስዳቸዋል። እግራቸው እርጥብ ነው ይባላል። ጉሮሯቸው እርጥብ ለመሆኑ እኔ ምስክር ነኝ።

«ዱጋል በየጠዋቱ ዳቦ የሚያመጣው እዚህ ቤት አይደል?» አሉ ጋሽ ሄክተር ያን ቀን። «ፀጉሩ ምን ዓይነት ነበር እባካችሁ?»

ዳቦ ጋጋሪው ዱጋል በሩ አጠገብ ኬክ እየበላ ነበር። ጆሮው ከፀጉሩ ብሶ ቀላ። «እኔ እዚህ ቤት ከዳቦ በቀር ያስገባሁት ነገር የለም፣ ጋሼ» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ቶርኪልም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን ሞራግ ሱቅ ስትገባ ሴቶቹ ወሬ ያቋርጣሉ። ቶርኪልም ልጁን አቅፎ ብዙ ያያል፣ ጥቂት ይናገራል። አባቱ በቀለዱት ቀልድ የእህቴ ትዳር እየቀዘቀዘ እኔ ሻይ እየጠጣሁ ልይ? ስንት ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩት ለዚህ ነው?

«ቁጭ በል» አልኩት ቶርኪልን። «ቀይ ፀጉር ከአባትም ከእናትም አንድ አንድ ድርሻ ሲደርስ ነው የሚወጣው። አንዱ ብቻ የደረሰው ሰው ፀጉሩ ጥቁር ሆኖ ጺሙ ብቻ ሊቀላ ይችላል። የኛ አያት ፀጉሯ ቀይ ነበር፣ አልደበቅናትም። የናንተስ ድርሻ የታለ?»

«እኛ ቤት ቀይ ፀጉር ኖሮ አያውቅም።»

«ጺምህን አሳድገህ ታውቃለህ?»

«የጊሊስ ወንድ ጺም አያሳድግም። ገና ብቅ ሲል ነው አባዬ ምላጭ የሰጠኝ። ጠዋትም ማታም እንላጫለን። ንጽሕና ነው ይላል።»

«ዓሣ ዓሣ እየሸተታችሁ እራት ትቀርባላችሁ፤ ንጽሕናው አገጭ ላይ ብቻ ነው?»

 ሞራግ ይህን ሰምታ ነበርና ባሏ ወደ ሰሜን ለዓሣ ሲወጣ ምላጩን ከሻንጣው አውጥታ አስቀረችው።

ጀልባው ሲመለስ ወደቡ ላይ ቆሜ ነበር። የቶርኪል ራስ እንደ ድሮው ከሰል ነው፤ አገጩ ግን የልጁን ፀጉር ቆርጠው የለጠፉበት ይመስላል። ዳቦ ሊያደርስ የመጣው ዱጋል ቆብ አነሣለት።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ዘመዴ» አለው።

ቶርኪል አልሳቀም። ቤት ገብቶ ሕፃኑን አገጩ ሥር አስጠግቶ መስታወት ፊት ቆመ። ከዚያ ወደ ሞራግ ዞረ።

«ሲስቁ አብሬ ስቄያለሁ። ይቅር በይኝ።»

«ካልተላጨኸው» አለችው።

ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ጋሽ ሄክተር ግን የልጃቸውን አገጭ አይተው «በእናቱ ወገን የመጣ ነው» አሉ። ምራታቸውን ሲጨርሱ ወደ ሟች ባለቤታቸው ዞሩ፤ ሟቿ ከመቃብር ተነሥተው መልስ አይሰጡማ። ሳይንሱ ይህን ይፈቅድላቸዋል፤ ድርሻው ከእናትየው ሊመጣ ይችላል። ግን ሰበቡ ሟቿ ከሆኑ፣ ጋሽ ሄክተር በቀን ሁለት ጊዜ የሚላጩት የማንን ጺም ነው? ያን ዕድሜ ይዘው ራሳቸው ላይ አንድ ሽበት የለም፣ ቀለም ይሆን?፤ አገጫቸውን ግን ከመንደሩ ሰው አንድም ያየ የለም።

ቅዳሜ መንደሩ አዳራሽ ተሰብስቦ የዘንድሮውን ደጃፍ ረጋጭ ይመርጣል። ጋሼ፣ እስከዚያ ምላጩን ያሳርፉትና እንዳሉ ይምጡ። እህቴን የጠየቋት በሰው ፊት ነው፤ እርስዎም በሰው ፊት ቆመው ይመልሱ፦ ያ አገጭ የማን ነው?