የሁለተኛዋ ዓሣ ጉንጭ

ወንድሜ ደበሳ በ1954 ዓ.ም. ከምጽዋ ወደ መቱ የተመለሰው ሳንባው ታሞ ነው። በምጽዋ የባሕር ዓሣ በሚያጠና መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። ከልብሱና ከሣጥኑ ይልቅ የተጨነቀው በገለባ ጠቅልሎ ላመጣው አፈ ሰፊ ጠርሙስ ነበር። በውስጡ ሁለት ዓሦች አልኮል ውስጥ ተዘፍቀው ተኝተዋል። ጭንቅላታቸው እሾህ በእሾህ ነው፤ ዓይናቸው ፊታቸውን ሞልቶታል። እሾሃቸው ስለሚናደፍ የጊንጥ ዓሣ ይባላሉ አለኝ።

ቡና የሚጭነው ሹፌር ባጫ ዕቃውን እያወረደ ይቀልድበት ጀመር።

«ጋሼ ደበሳ፣ ሰው ከምጽዋ ጨው ያመጣል። እርስዎ እሾህ ተሸክመው መጡ?»

«ጨው ጎሬም አለ። ይሄ የለም።»

«ለጾም ይበላል?»

«እሱ ነው አንተን የሚበላህ።»

ሁለቱን ዓሦች ያወጣቸው አንድ መረብ ነው። የደበሳ አለቃ አንድ ዘር ናቸው ብሎ ባንድ ስም ሊጽፋቸው ነበር። ደበሳ ግን ሁለተኛዋ እስካሁን ስም ያልወጣላት ሌላ ዘር ናት ባይ ነው። አለቃው «እንግዲያው አሳየኝ» ብሎ ሁለቱንም ሰጠው። ባጫ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ጠርሙሱ ከነፍርዱ አብሮት ሄዶ ከዚያ ወደ ምጽዋ መላክ ነበረበት። ደበሳ ከዚህ በኋላ ሌላ ዓሣ እንደማይመረምር ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ በመቱና በጎሬ ለቅሶ ቤት ሙሾ አወርድ ነበር። ሙሾውንም ፊደሉንም ያስተማረኝ የለም፤ ዳር ቆሜ እየሰማሁና እያየሁ ለመድኩት። በእኛ ዘንድ አልቃሽ አፏን ከመክፈቷ በፊት ከሟች ዘመዶች ጋር ለብቻ ትቀመጥና «ከሌላው የሚለየው ምን ነበር?» ብላ ትጠይቃለች። ደግ ነበር ቢሏት አትቀበልም፤ ደግ ሰው ብዙ ነው። የአንዱን ሙሾ ለሌላው ያወረደች ደግማ አትጠራም።

እናም አልጋው አጠገብ ተቀምጬ እንደ ልማዴ ጠየቅኩት። «ይህችን ከሌላዋ የሚለያት ምንድን ነው?»

ሳቀ፤ ሳቁም ሳል ሆነበት። «ሟች አደረግሻት?»

«ሞታስ ሞታለች። ቀይ ናት እንዳትለኝ ብቻ፤ ቀለሙ ከሁለቱም ለቋል።»

«ቀለም አልልሽም። ቀኝ ጉንጯን እዪው።»

በማጉያ መነጽሩ አየሁ። በጉንጯ ጠርዝ ላይ አምስት እሾሆች ተደርድረዋል። በአንደኛዋ ዓሣ አምስቱም ረጃጅም ናቸው። በሁለተኛዋ ግን ከላይ ሁለተኛው እሾህ ከጤፍ ቅንጣት አይበልጥም።

«መረቡ ሰብሮት ቢሆንስ?» አልኩት። ለቅሶ ቤትም ጠባሳ የሰውዬው እንጂ የዘሩ አይደለም።

«አለቃዬም ያለው ይህንኑ ነው። የሚፈርደው ግራ ጉንጯ ነው። መረቡ ስለጨፈለቀው ቆዳው ተጣጥፎ ሸፍኖታል። ልገልጠው ስል ታመምኩ፤ አሁን ደግሞ እጄን ተመልከቺ።» እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲያርፍ ዓሣዋን በነጭ ሳህን አስተኝቼ መርፌ ያዝኩ። እሱ በጋቢ ተጠቅልሎ አጠገቤ ተቀመጠ።

«በቀስታ። ቆዳውን እንጂ አጥንቱን አትንኪ።»

ቆዳው ተላቀቀ። የመጀመሪያው እሾህ ረጅም ሆኖ ወጣ። ቀጥሎ ያለውን ስገልጥ ደበሳ ወደ ሳህኑ አጎነበሰ።

«ኢላሊ» አለኝ በእናታችን ቋንቋ፤ እዪ ማለቱ ነው።

ሁለተኛው እሾህ አጭር ነበር፤ እንደ ቀኙ ልክ። ጫፉም ክብና ለስላሳ ነው፤ የተሰበረ አይደለም። መርፌው ከእጄ ወደቀ። አንድ እጅ አስቦ ሁለቱን ጉንጭ አስተካክሎ የሠራቸው መሰለኝ።

«ከምን ያህል ጥልቀት ወጣች?»

«የሶር ወንዝ የሚወድቅበትን ገደል ታውቂዋለሽ። ያን ገደል ባንዱ ላይ ሌላ እየደረብሽ እስኪታክትሽ ውረጂ። ከዚያም ገና ነሽ። ፀሐይ ደርሶት አያውቅም።»

«ታዲያ በዚያ ጨለማ ማን ሊያየው ነው እሾኋ እንዲህ በልክ የተሠራው?»

ማጉያ መነጽሩን አንስቶ ግራ ጉንጯን ደግሞ አየው። 

«በል ስም አውጣላት» አልኩት በመጨረሻ። «ያወጣኸው ስም ከሷ ጋር ይኖራል።» የቸኮልኩት ስለሱ ነው እንጂ ስለ ዓሣዋ አልነበረም።

«አይሆንም» አለ። «አንዲት ናት። ስድስት ጣት ይዞ የሚወለድ ሰው የለም? እንዲህ የምትመስል እኅቷ መገኘት አለባት። ፍርድ በአንድ ምስክር አይጸናም።»

«አንተ እስከዚያ…»

«እኔ አልኖርም። ባሕሩ ይኖራል።»

በነጭ ጨርቅ ቁራጭ ላይ እሱ እየነገረኝ እኔ በእርሳስ ጻፍኩ፦ በሁለቱም ጉንጭ ሁለተኛው እሾህ አጭር ነው። ስም አልወጣላትም። ሁለተኛ ትፈለግ። ጅራቷ ላይ አሰርኩት። ባጫ ጠርሙሱን ተቀብሎ እንደ ሕፃን ታቀፈው፤ ያን ቀን አልቀለደም።

ደበሳ በኅዳር አረፈ። ከምጽዋ መልስ አልመጣም። እኔም ባሕር አይቼ አላውቅም። ግን ውኃ በተሸከምኩ ቁጥር ያች ዓሣ ትታወሰኛለች፤ ፀሐይ በማይደርስበት ታች፣ እኅቷ ማንም በስም ሳይጠራት ትዋኛለች።