ዳኛው ምግብ ያቆመበት ሳምንት

ልብስ ሰፊዋ ዓሣ ትፈራለች። ሳህን ላይ የቀረበውን አይደለም፤ እየዋኘ ዓይን ዓይኗን የሚያያትን ነው። እንዲህ ሆና ሳለ ታላቅ ወንድሟ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ሲገባ አደራ ብሎ የተወላት ሁለት ዓሣ ነበር።

ወንድሟ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ አግብቶ አያውቅም፤ ሁለቱ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ቤት ነው። እሷ ሳሎኑን ከፍላ ትሰፋበታለች። የእሱ የመስታወት ገንዳ ደግሞ ከስፌት መኪናዋ ትይዩ ግድግዳውን ይዞ ተቀምጧል። ቀና ባለች ቁጥር የሚጠብቋት እነሱ ናቸው።

«ሲክሊድ ነው የሚባሉት። የቆሮሶ ዘመዶች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን የሰው ነው» ይላል ወንድምየው።

ወንዱ ትልቅ ነው፤ የሰው መዳፍ ያህላል። ግንባሩ እብጥ ብሎ ወደፊት ወጥቷል፤ ሲያይ ፍርድ የሚሰጥ ስለሚመስል ስሙ ዳኛው ሆነ። ከኋላው የማትለየዋን ሴቷን ጸሐፊዋ አሏት። ዳኛው ሰው ይለያል። ሾፌሩ ገና በሩን ሲከፍት ወደ መስታወቱ ይሮጣል፤ ከጣቱ ላይ ይበላል፤ ግንባሩን ሲያሹለት ዝም ይላል። እሷ ስትጠጋ ግን ጉሮሮውን ነፍቶ መስታወቱን በአፍንጫው ይገጨዋል።

«ጥርስ አለው፤ አይቼዋለሁ» ትላለች።

ሆስፒታል የሚገባ ቀን ጠዋት ሻንጣውን በሩ ላይ አስቀምጦ መከራት። «ጠዋት ትንሽ፣ ማታ ትንሽ ጣል አርጊላቸው። አይዞሽ፣ አይበላሽም። ደግሞ ዳኛው በላ ማለት እኔም ደህና ነኝ ማለት ነው።»

ቀልዱን ነበር። እሷ ግን ቀልድ ከጆሮዋ ገብቶ ሆዷ የሚቀር ሰው ናት።

በመጀመሪያው ቀን ምግቡን ጣል አድርጋ ፈጥና እጇን ሰበሰበች። ፍሬዎቹ ውሃው ላይ ተንሳፈፉ። ዳኛው አንዴ አያቸውና ዞሮ ገንዳው ውስጥ ካለው የሸክላ ማሰሮ ጀርባ ገባ። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። ያን ቀን ከሰዓት ሆስፒታል ስትሄድ ወንድሟ ተኝቷል፤ የምሳው ሳህን ክዳኑ እንኳ አልተነሳም። ነርሷን ብትጠይቃት «ትንሽ ትኩሳት አለው» አለቻት። «ዳኛው በላ ማለት» ያላት ትዝ አላት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንድሟ ስልክ ደወለ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

«ዳኛው በላ?»

«ጠርጎ በላ። አንተስ ጋሼ?»

«እኔም ጠርጌ።»

ስልኩን ዘግታ ገንዳውን ብታይ የትናንቱ ምግብ አብጦ ውሃው ላይ ነጭ ሆኗል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ ነበር እናቷ። ራሷን ተቆጣች፤ «ዓሣና ሰው ምን አገናኛቸው? ሟርተኛ!» አለች ጮክ ብላ። እጇ ግን አልታዘዛትም። የቀኙን እጅጌ በግራ ሰፍታ ፈታችው፤ መልሳ ሰፋች፤ እንደገና በግራ። መርፌውም ሌባ ጣቷን ወጋት።

አራተኛው ቀን ላይ ነው ጉዱ የፈላው። ከቁርስ በኋላ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ሳለች ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማች። ቀና አለች። የገንዳው ጠጠር ተቆፍሮ በአንድ ጎን ጉብታ ሆኗል። ቀጥ ብሎ የቆመው፣ ውሃውን በኮረንቲ የሚያሞቀው የመስታወት ዘንግ ሥሩ ተቦርቡሮ ወደ ማሰሮው አዘንብሏል። ዳኛው ወደኋላ እያፈገፈገ፣ እየተወነጨፈ፣ ዘንጉን በግንባሩ ይመታል። ሲክሊዱ ቁጣው ከመጠን ያለፈ ነበር፤ ጅራቱ ውሃውን ወለሉ ላይ ረጨው።

«ተው! ተው አንተ!» አለች፤ እሱ ደግሞ ማንን ሊሰማ!

ዘንጉ ጧ ብሎ ተሰበረ። ሁለቱም ዓሣዎች በአንድ ጊዜ ተስፈንጥረው ጥግ ላይ ተለጠፉ። ጸሐፊዋ ተንቀጠቀጠችና ጎኗን ሰጥታ ወደ ታች ሰመጠች።

ያኔ ያየችው ዓሣ አልነበረም፤ አልጋ ላይ የተኛውን ወንድሟን ነበር። ወለሉ ረጥቧል፣ እግሯ ባዶ ነው፤ ይህ ሁሉ አልታሰባትም። ሮጣ እጇን ሰደደች። መርፌ የወጋው ጣቷ ውሃውን ገና ከመንካቱ ኮረንቲው ክንዷን እስከ ትከሻዋ መታትና ወደኋላ ወረወራት። ጀርባዋ ከወንበሩ ጋር ተጋጨ። የጮኸችው እሷ መሆኗን ያወቀችው ጩኸቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ጎረቤቷ፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ፣ በሩን በርግደው ገቡ።

«ምንድነው ልጄ?»

«እማማ፣ ውሃው… ውሃው ያዘኝ!»

«እንዳትነኪው! ከእርጥቡ ውጪ! ቆጣሪው የት ነው?»

ወደ በሩ ጀርባ በአገጯ አመለከተቻቸው። አጥፍተው፣ ሶኬቱን ነቅለው፣ መጥተው እጇን ያዙ። የልቧን ምት በጣታቸው ሲቆጥሩ እንደ ሕፃን ፈዝዛ ታያቸው ነበር።

«አለሽ፤ አትርፎሻል» አሉ። «አሁን ጫማ አድርጊ።»

ዳኛው ምግብ መተዉንና ዘንጉን መምታቱን ስትነግራቸው መነጽራቸውን አጥልቀው ወደ ገንዳው ጎንበስ አሉ። ጸሐፊዋ ገና በጎኗ ናት፤ ጉንጯ ግን በቀስታ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ዳኛው እየተንገዳገደ ማሰሮው አጠገብ ቆሟል።

«ነይ እስቲ፤ ይሄ ምንድነው?»

በማሰሮው ጎን ላይ እንደ ጤፍ የደቀቁ ነገሮች ተደርድረው ተጣብቀዋል፤ አንድም አልተደራረበም።

«እንቁላል ነው!» አሉ አዋላጇ። «ሠላሳ ዓመት ሳዋልድ እንዲህ በር ላይ ቆሞ የሚደባደብ አባት አይቼ አላውቅም። ይሄ ምግብ የተወው ታሞ መስሎሽ ነው? ዘብ ላይ ነው እንጂ! ያንንም ዘንግ የመታው ልጆቹ ላይ ሲያዘነብልበት ጠላት መስሎት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ልትስቅ ነው ልታለቅስ አልለየላትም።

ነገሩ ግን አላለቀም። የተሰበረው መስታወት ስንጥር ስንጥሩ ማሰሮው ዙሪያ ተበትኗል። ማውጣት ያለበት ሰው አለ፤ የአዋላጇ እጅ ደግሞ በዕድሜ ይንቀጠቀጣል። ሶኬቱን ሦስት ጊዜ ሄዳ አየችው፤ ተነቅሏል። አሁንም ውሃውን መንካት አልቻለችም።

«እኔ አጠገብሽ ነኝ» አሉ አሮጊቷ፣ ቀሚሷን ከወገቧ ላይ ጨምድደው ይዘው።

ዓይኗን ጨፍና አስገባች። ምንም የለም። ገለጠችና አንዱን ስባሪ አወጣች፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ ዳኛው መጣና አንጓዋን ነከሳት። ጥርስ አለው፣ አልተሳሳተችም። ግን እጇን አላወጣችም።

«ይንከስ» አለች በተሰበረ ድምፅ። «መንከስ ከቻለ አልሞተም።»

ውሃው እንዳይቀዘቅዝ መብራቱን መልሰው ውሃ አፈሉ፤ ጠርሙስ ሞልተው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ ገንዳው ላይ አንሳፈፉ። እኩለ ቀን ላይ ጸሐፊዋ ቀና ብላ ዋኘች። ልብስ ሰፊዋ ጠርሙስ መቀየሩን ለአዋላጇ ትታ ወደ ሆስፒታል ሮጠች።

ወንድሟ ነቅቷል፤ ፊቱ የሰም ቀለም ይዟል። አጠገቡ ቆማ ያለ ሰላምታ ጀመረች።

«ጋሼ፣ ዋሽቼሃለሁ። ዳኛው ከሄድክ ጀምሮ አልበላም። ማሞቂያውን ሰበረው፣ እኔን ኮረንቲ ያዘኝ፣ እንቁላል ጥለዋል።» በአንድ ትንፋሽ።

ሾፌሩ እጁን ዘረጋላት። «ኮረንቲ ያዘሽ? እጅሽን አሳዪኝ።» አገላብጦ አየው። «እኔም ዋሽቼሻለሁ። ትናንት እንደገና ከፍተውኛል። ቁስሉ መግል ይዞ ነበር። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

የአልጋውን ብረት ያዘች። «እና እዚህ ተኝተህ የዓሣ ወሬ ትጠይቀኛለህ!»

«ሌላ ምን ልጠይቅሽ? ስለራሴማ ፈርቼ ነበር።»

ይህን ሲል ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። ታላቅ ወንድሟ፣ ሌሊት ገደል ለገደል አውቶቡስ የሚነዳው፣ ፈርቼ ነበር አለ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሩን በብርድ ልብሱ ላይ ያዘችለት። ነርሷ መጥታ ፋሻውን ስትቀይር ልብስ ሰፊዋ ስፌቱን አየችና ሳታስበው «ይሄን የሰፋው ማነው? ጠርዙን አላስተካከለውም» አለች። ወንድሟ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ተይኝ! ይፈታል!» እያለ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት እንቁላሎቹ አብዛኞቹ ነጭ ሆነው አገኘቻቸው። ከዚያ በሦስተኛው ቀን አንድም አልቀረም፤ ጸሐፊዋ ራሷ ለቅማ በላቻቸው። ልብስ ሰፊዋ ስፌቷን ትታ ቆማ አየቻት። ያን ቀን ማታ ዳኛው ከማሰሮው ወጥቶ ሦስት ፍሬ በላ። ወንድሟን ትኩሳቱ የለቀቀው ግን ከዚያ በኋላ አራት ቀን ቆይቶ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከማንሳቷ በፊት እጇን ደረቷ ላይ ትጭን ነበር።

ሾፌሩ ቤት የገባው ከስቶ፣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ጨምሮ ነው። በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄዶ ጣቱን መስታወቱ ላይ አደረገ። ዳኛው አየውና እንዳኮረፈ ሰው ጀርባውን ሰጠው። ሾፌሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ነርሶቹ፣ ስለ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በዝግታ ያወራለት ጀመር፣ ለእህቱ ያልነገረውን ሁሉ ጭምር። እሷም ስፌት መኪናዋን አቁማ አዳመጠች።