ፈረንሳይን በእግሩ የዞረው ጌጡ

ጌጡ ከፈረንሳይ ተመለሰ የተባለ ዕለት የሻረግ እንዳትስቅ ጉንጯን ከውስጥ ነክሳ ነበር። ደረጃውን ሲወጣ የጫማው ድምፅ ቀድሞት ገባ። አዲስ ቦት ጫማ፣ በአንድ እጁ የሚደገፍበት ዱላ፣ በሌላው የታጠፈ ካርታ፣ ጀርባው ላይ ደግሞ የልጅ አልጋ የሚያክል ሻንጣ። ሰው እንዲህ ታጥቆ ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል? ራስ ዳሽንን ነው ያስመሰለው እኮ።

"አሎራ፣" አለ እንደ ጣሊያኖቹ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር። በእነዚህ እግሮች።"

ማንም አልጠየቀውም።

ማነው ይሄ ሰውዬ ቢባል፣ የየሻረግን አክስት ፀሐይን ላግባ የሚል ሰው ነው። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ ሮም ስድስት ዓመት ኖሯል፣ ምን እንደሚሠራ ግን እስከዛሬ የጠራ ነገር የለም። የሻረግ በአፏ "ጋሽ ጌጡ" ትለዋለች፣ በሆዷ የምትለውን መናገር ነውር ነው። ከፋሲካ ጀምሮ የሚያወራው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። ፈረንሳይ ውስጥ ሰዎች በወንዝና በካናል ዳር በእግራቸው እየሄዱ ይዝናናሉ። ካናል ማለት ሰው የቆፈረው ወንዝ ነው፣ ድሮ ፈረስ ጀልባ እየጎተተ ይሄድበት የነበረው ዳሩ ዛሬ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፣ ግራና ቀኝ ትልልቅ ዛፍ፣ ውሃው ላይ ዳክዬ። ምሳ ዛፍ ሥር ዳቦና ፎርማጆ የሚሉትን አይብ ይበላሉ፣ ሲመሽ አንድ መንደር ገብተው ወይን ይጠጣሉ። ሻንጣቸውን መኪና ቀድሞ ያደርስላቸዋል።

"እና ወዴት ነው የሚሄዱት?" ብላ ነበር የሻረግ መጀመሪያ የሰማች ቀን።

"የትም። ዋናው መሄዱ ነው።"

"ለሻንጣው መኪና ካለ እነሱስ ለምን አይሳፈሩም?"

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሥልጣኔ ነው፣ አይገባሽም።"

"እኛ አገር እንዲህ ያለምክንያት የሚንከራተት ሰው ጠበል ነው የሚወሰደው፣" ብለው ነበር እማማ ዘርፈሽዋል፣ ከየሻረግና ከእናቷ ጋር አብረው የሚኖሩት አሮጊት፣ ቤቱንም በስማቸው የተከራዩት እሳቸው ናቸው።

አንዴማ እንለማመድ ብሎ ፀሐይንና የሻረግን ቴቬሬ ወንዝ ዳር ወሰዳቸው። ሁለተኛው ድልድይ ጋ ሳይደርሱ ጉልበቱን ያዘ። "የቴቬሬ አየር እርጥበት አለው፣ የፈረንሳዩ ካናል ደረቅ ነው፣" አለና አውቶብስ ተሳፈሩ። ደረቅ ካናል። የሻረግ እስከ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ድረስ ዓይኗን ጣራ ላይ ሰቅላ ነው የሄደችው።

ችግሩ፣ ፀሐይ አመነችው። አንድ የፈረንሳይ ድርጅት የእግረኞች መሪ ሊያደርገኝ ነው አላት፣ ድሮ የካናሉን የውሃ በር የሚከፍተው ሰውዬ ይኖርበት የነበረውን ቤት ይሰጡናል፣ አንቺ ለእግረኞቹ እራት ትሠሪያለሽ፣ በመስኮት ጀልባ ሲያልፍ ታያለሽ። ፀሐይ ደግሞ ፓሪዮሊ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ አንዲት ሲኞራ ቤት አዳሪ ሠራተኛ ናት፣ የምትወጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመስኮት ያየችው የሌላ ሰው መስኮት ነው። ስለዚህ ሥራዋን ልትለቅ ቆረጠች።

መልቀቁ ቀላል ቢሆን ማንም ምንም ባላለ። ግን ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የሚታደሰው በሲኞራዋ ፊርማ ነው። የደርግ ኤምባሲ ፓስፖርቷን አላድስም ካላት ሁለት ዓመት ሆኗል። ፊርማው ከቀረ ፔርሜሶው ቀረ፣ ፔርሜሶው ከቀረ ደግሞ ወንድሟን ወስዶ ያልመለሰው ቀበሌ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።

የመልቀቂያ ደብዳቤውን በጣሊያንኛ የጻፈችው የሻረግ ናት፣ የእጅ ጽሑፏ ያምራላ። መጀመሪያ እንቢ ብላ ነበር።

"እስቲ እሱ ራሱ ፈረንሳይ ደርሶ ይምጣ፣" አለች።

"ሊሄድ ነው እኮ፣ መንገዱን ሊያጠና። ሲመለስ እሰጣታለሁ፣ አንቺ ብቻ ጻፊ።"

ከዚያ ጌጡ አሥራ አምስት ቀን ጠፋ። ይኸው መጣ። ደብዳቤው ተፈርሞ ፀሐይ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ነገ ሰኞ ለሲኞራዋ ትሰጣለች።

ጌጡ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ካርታውን ፀሐይ ጭን ላይ ዘረጋው። "ውሃው እንዴት ያለ አረንጓዴ መሰለሽ። ዛፎቹ ከላይ ተያይዘው ጥላ ናቸው፣ ፀሐይ አያገኝሽም።"

ፀሐይ በጣቷ ሰማያዊውን መስመር ትከተላለች። የሻረግ ማየት አቃታት።

እማማ ዘርፈሽዋል ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዘው መጡና እግሩ ሥር አስቀመጡት።

"ጫማህን አውልቅ።"

"ኧረ እማማ፣ ይተዉ።"

"ምኑን ነው የምተወው? ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር የሄደ መንገደኛ እግሩን ሳይታጠብ እኔ ቤት እህል አይቀምስም። ያውም ነገ ግሸን ማርያም ሆና።"

"እኔ ራሴ ልታጠብ..."

"አውልቅ አልኩህ።"

እማማ ዘርፈሽዋል አምባሰል ነው ያደጉት፣ ቤታቸው ግሸን መሄጃው መንገድ ላይ ነበር። በየዓመቱ መስከረም ላይ የሚያልፈውን ተሳላሚ ሁሉ ማታ ማታ እግሩን የምታጥበው የቤቱ ልጅ ናት፣ እሳቸው። ከሳህን በፊት እግር ነው ማጠብ የተማርኩት ይላሉ። እግር አይቼ ይሄ በዋድላ መጣ፣ ይሄ በመንዝ መጣ እል ነበር ይላሉ። የሻረግ ይህን መቶ ጊዜ ሰምታ መቶ ጊዜ አዛግታለች። ዛሬ አላዛጋችም።

ቀኝ እግሩን ያዙ። ገለበጡት፣ ውስጡን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ግራውን አነሱ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቀቅ አድርገው አዩ። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

"ልጄ፣ ይሄ እግር አልሄደም።"

ጌጡ ሳቀ። "ቦቱ ጥሩ ስለሆነ ነው እማማ።"

"አዲስ ቦትማ ተረከዝ ይበላል። ያንተ ተረከዝ የሕፃን ጉንጭ ነው። ይሄ እግር ቆሞ ነው የከረመው። ቁርጭምጭሚቱ እንዴት እንዳበጠ አየሽ ፀሐይ? የኔና ያንቺ እብጠት ነው። ጣቶቹ መሀል ደግሞ ነጭ ብሎ ተልጧል። እርጥብ ወለል ላይ ውሎ የሚያመሽ እግር ነው። ኩሽና።"

የሻረግ አንዱን ቦት አንስታ ገለበጠችው። ከሥሩ አርባ ሦስት የሚለው ቁጥር ዛሬ የታተመ ይመስል ቁልጭ ብሎ ይነበባል፣ አንዲት ጠጠር እንኳን አልነካችውም።

"ጋሽ ጌጡ፣ ፈረንሳይ መሬት የለውም እንዴ?"

"አንቺ ዝም በይ፣" አለች ፀሐይ። ግን ቦቱን ተቀብላ አየችው። አገላብጣ አየችው። "የት ነበርክ?"

እግሩ ሳፋው ውስጥ ነው፣ ተነስቶ መውጣት አይችልም።

"ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ፣" አለ።

ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ። ከሮም አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ።

"እዚያ ምን ትሠራለህ?"

"ሪስቶራንቴ። ሳህን አጥባለሁ።"

"ካርታውስ?"

"ፈረንሳይ በእግር የዞሩ ሰዎች ሊበሉ መጥተው ጠረጴዛ ላይ ረሱት። በፋሲካ ነው። ወሬውንም እነሱ ሲያወሩ ነው የሰማሁት።"

"ድርጅቱስ? ቤቱስ?"

"ጽፌላቸው ነበር። ይመልሱልኛል ብዬ... አልመለሱም። ምን ልበልሽ ፀሐይዬ፣ ሳህን አጣቢ ነኝ ልበልሽ?"

"እኔ የምን ሚኒስትር ነኝ?" አለች ፀሐይ፣ ድምፅዋን እንኳን ሳታነሳ። "ዘጠኝ ዓመት የሰው ሙታንታ ስተኩስ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሳህን አጣቢ ነኝ ብትለኝ የእጅ ቅባት እገዛልህ ነበር።"

"ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣" አሉ እማማ ዘርፈሽዋል፣ እግሩን በፎጣ እያደረቁ። አጥበው ጨረሱት እኮ፣ ጣቱ መሀል ሁሉ ሳይቀር። የጀመሩትን ሥራ መሀል ላይ አይተዉም።

ፀሐይ ቦርሳዋን ከፈተች። የሻረግ ሌሊቱን አምሽታ፣ ሁለት ጊዜ ገልብጣ፣ በጥቁር እስክሪብቶ አሳምራ የጻፈችውን ደብዳቤ አወጣችና ለሁለት ቀደደችው። አንዱን ጨምድዳ ቀኝ ቦት ውስጥ፣ አንዱን ግራ ቦት ውስጥ እስከ ጫፉ ጠቅጥቃ ከተተችው። የሲኞራዋን ባል ጫማ ስታስቀምጥ እንዲህ ነው የምታደርገው፣ እጇ ለምዶታል።

"ቅርፁ እንዳይበላሽ ነው፣" አለችው። "ገና አዲስ ነው፣ ሱቁ ገንዘብህን ይመልስልሃል።"

እማማ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ሰጡት። ሻንጣውን አዝሎ፣ ቦቱን ብብቱ ሥር፣ ዱላውን በእጁ ይዞ ወረደ። ካርታውን ረሳው።

የሻረግ መስኮቱ ላይ ተሰቀለች። የጌጡ ቤት በዚሁ በካሲሊና መንገድ ሁለት ፌርማታ ነው፣ ያውም ሜዳ፣ ዳገት የለው ቁልቁለት የለው። እሱ ግን ፌርማታው ላይ ቆሞ የትሬኒኖውን፣ የትንሹን የከተማ ባቡር፣ ሐዲድ ያያል። እሁድ ነው፣ ትሬኒኖ በግማሽ ሰዓት አንዴ ነው።

"ሄደ?" አሉ እማማ ሳፋውን እየደፉ።

"የት ይሄዳል፣ ቆሟል።"

ፀሐይ መጥታ ከኋላዋ አየች። ካርታውን አጣጥፋ የተንጋደደው ጠረጴዛ እግር ሥር አደረገችው፣ ጠረጴዛውን ነካ ነካ አድርጋ መቆሙን አረጋገጠች፣ ከዚያ ሲኞራዋ በሩን ሳትቆልፍ ልድረስ ብላ ኮቷን ለበሰች። በፌርማታው በኩል አልሄደችም። በጓሮ በኩል ዞራ፣ በእግሯ፣ እስከሚቀጥለው ፌርማታ ድረስ ሄደች።