የታምሬ ጎተራ

«ይኼ ነገር ጠፍቷል ወይስ ተኝቷል?» አሉ እትየ እናትነሽ፣ ጥቁር ነጠላቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል እያደረጉ። ከሥሩ ካለው አሮጌ ኮምፒውተር አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይል ነበር። ሐዘን ቤት ዘፈንም ፊልምም አይከፈትም። ዕፀገነት ተነሥታ ሶኬቱን ነቀለችው። ባሏ ታምሬ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ኮምፒውተሩን ታምሬ «ጎተራ» ይለው ነበር። በስደት በሚኖሩባት ገዳሪፍ ዳታ ውድ ነው፤ ኔትወርኩም ደስ ሲለው የሚመጣ እንግዳ ነው። ስለዚህ መዝሙሩንም ፊልሙንም አንዴ አውርዶ ጎተራው ውስጥ ይከታል፤ የግቢው ሰው በየስልኩ ከዚያ እየሳበ በነጻ ያያል። «እህል የሚከተተው በመኸር ነው» ይል ነበር። የጎተራ ጌታ መሆኑ ራሱ ደስ ይለው ነበር፣ ምስኪን።

በመጨረሻው ወር ግን ጎተራው አዲስ ፊልም ሳይገባበት የወሩ ዳታ በዐሥር ቀን አለቀ። ዕፀገነት ጠየቀች፤ እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። «ጎተራህ ቤታችንን በላው። ማንን ነው የምታይበት?» አለችው። በማግስቱ ንዳድ ጣለው፣ በአምስተኛው ቀን ሞተ። በመካከሉ የተነጋገሩት ስለ ውኃና ስለ ኪኒን ብቻ ነው። ያቺ ቃል ይቅርታ ሳይጠየቅባት ቀረች፤ ከሞቱ እኩል የምታቃጥላት እሷ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ የታምሬ ወዳጅ ጀማሉ፣ ጎረቤት ባለሱቁ፣ መጣ። «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ብሎ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎም፣ «እህቴ፣ ጎተራውን ልክፈተው?» አላት።

ሴቶቹ ተንሾካሾኩ። «በሠልስቱ ፊልም? ሰው ምን ይላል፣ ጀማሉ?» አሉ እትየ እናትነሽ።

«ፊልም አይደለም፣ እትየ። የታምሬ አደራ ነው።»

የዕፀገነት እናት አምና መተማ ላይ ሲሞቱ መንገዱ ተዘግቶ አልደረሰችም። መርዶዋን በስልክ ሰማች፤ አፈር ስላላለበሰች ለቅሶው ሳይወጣላት ቀረ። ጀማሉ አሁን እንደነገራት፣ ወንድሟ ምንይችል የቀብሩን ቪዲዮ ዐሥራ ሁለት ቦታ ከፍሎ ኢንተርኔት ላይ ጫነው። ታምሬ ሲያወርድ ኔትወርኩ ይቆረጣል፤ በተቆረጠ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ዳታውን የበላው ይኸው ነበር።

«‹ለሙት ዓመታቸው ቁጭ አድርጌ አስለቅሳታለሁ፣ እስከዚያ እንዳትነግራት› አለኝ» አለ ጀማሉ። «ዐሥራ አንዱ ገብቷል። የቀረው ግብዓተ መሬቱ ነው። ምንይችል የጫነበት ቦታ ደግሞ ከዛሬ ወዲያ አያቆየውም፤ ይጠፋል።»

ዕፀገነት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ማንን ነው የምታይበት ብላው ነበር። ያየው የነበረው እናቷን ነው።

እትየ እናትነሽ ተነሥተው ጥቁሩን ነጠላ ከቴሌቪዥኑ ላይ ገፈፉት። «ልቅሶ ለልቅሶ ቤት ነውር አይደለም» አሉ።

ጀማሉ ጎተራውን ሰክቶ፣ የቀረውን በእሷ ዳታ ሊያወርድ ስልኳን ተቀበላትና አመነታ። «የቀረችሽ ባቃ፣ የወሩ ዳታሽ፣ ትንሽ ናት፤ ከአገር ቤት መገናኛሽ ናት። መሐል ላይ ከተቆረጠ ያለሽን ዳታ ሁሉ ይበላዋል።»

«ይብላ» አለች ዕፀገነት።

ጀማሉ ማውረዱን ሲያስጀምር ስልኩን ከእጁ ወስዳ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ወደ መስኮቱ ሄደች። ታምሬ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው በስኳር ጣሳው አስደግፋ የመስኮቱ ደፍ ላይ አቆመችው። ከዚያ ከሥሩ መሬት ላይ ተቀመጠች። ነፋስ እንዳይጥለው እጇን ጣሳው ላይ አኖረች፤ ለቀስተኛ ሲገባም አላነሣችውም።