ራሴን ሳልቆጥር

እኔን ምን እንደነካኝ አላውቅም! ሳምንቱን ሙሉ ለክበቡ አባላት እየደወልኩ ስለፈልፍ ነበር የሰነበትኩት። «ሽፍን ጫማ! መታወቂያ! ሄልሜት ያላደረገ አይገባም!» አፌ እስኪደርቅ።

ክበባችን የምህንድስና ተማሪዎችን ከኃይል ድርጅቶች ጋር ያገናኛል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ዓመቱን ሙሉ የአንድ ኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ኃላፊዎችን ደጅ ስጠና ከርሜ ነው «እሺ፣ መጥታችሁ ጎብኙ፤ ከመሃላችሁም አንድ ተመራቂ ለልምምድ እንወስዳለን» ያሉን። ልምምድ የገባ እዚያው ይቀጠራል። እኔ ደግሞ ተመራቂ ነኝ። ይህቺ ቦታ ካመለጠችኝ እህቴ ሱቅ ገብቼ ሳሙናና ክብሪት ስሸጥ መክረሜ ነው። ጠዋት ሸሚዜን እየተኮሰችልኝ «ዛሬ እንኳ የሰው ጉዳይ ትተሽ ለራስሽ ሁኚ፣ እሺ?» አለችኝ።

«እሺ እትዬ» አልኩ።

በሩ ላይ አንድ ሠራተኛ ሄልሜት ሲያድለን ቆይቶ እኔ ጋ ሲደርስ ሳጥኑ ባዶ ሆነ።

«በላክሽልን ቁጥር ልክ ነው ያመጣነው» አለኝ።

አባላቱን አንድ በአንድ ቆጥሬ፣ ራሴን ሳልቆጥር ልኬላቸዋለሁ! ደሜ ፈላ። ማን ላይ እንደምጮህ ግን ጠፋኝ።

«እባካችሁ አንድ ሰው ሄልሜቱን ይልቀቅልኝ» አልኩ። ሁሉም አቀርቅሮ ሽፍን ጫማውን ማየት ጀመረ። ለምሳው ሲል የተመዘገበው፣ ቀጮ የምንለው ተመራቂ ብቻ፣ ሄልሜቱን አናቱ ላይ እያስተካከለ፣ «አንቺማ ሊቀመንበር ነሽ! ትራንስፎርመሩንም ከእኛ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም፣ ድንቄም ሊቀመንበር፣ አብሬ ስቄ ውጭ ቀረሁ።

አውቶቡሱ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ በአጥሩ በኩል አየኋቸው። ዋናው መሐንዲስ ወደ ትራንስፎርመሩ እየጠቆመ ይጠይቃል፤ ቀጮ እጁን ያወጣል። የሚመልሰው እኔ መንገድ ላይ ያስረዳሁትን ነው፣ ሌላ ከየት ያመጣል? መሐንዲሱ ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው ንድድ አልኩ።

ሲወጡ ሮጬ መሐንዲሱ ፊት ቆምኩ።

«እኔም ተመራቂ ነኝ። እስቲ ይጠይቁኝ።»

«ውይ የኔ ልጅ፣ መርጠን ጨረስን እኮ! ውስጥ አላየሁሽም። ዝግጅታችሁ ግን ግሩም ነበር፣ በርቺ!» ብሎ እጄን ጨብጦኝ ሄደ።

ስንመለስ ስልኬ ጮኸ፤ እህቴ ነበረች። አላነሳሁትም። ቀጮ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሰኞ ና ብሎኛል» አለ ቀስ ብሎ። ከልቡ ፈርቷል። «ምን ይዤ ልሂድ?»

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ።

«ሽፍን ጫማ» አልኩት። «መታወቂያ። እንዳታረፍድ ደግሞ። ለሄልሜቱ አታስብ፤ አንተን ቆጥረውሃል።»